የእማዬ ሪፖርት «ሲኬ 7 ፖዘቲቭ» ይላል፤ የኦቫሪ ካንሰርን ያሰራጫል የሚሉት ኬራቲን ይሄ ነው?

የማሚ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሆዷ መነፋት ጀመረ። ጨጓራ ነው ብለን ዝም አልን። ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልዘጋ ሲላት ነው የነቃነው። አልትራሳውንድ ሲታይ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል፣ ኦቫሪዋ ላይ ዕጢ አለ። ሲኤ 125 የሚሉት የደም ምርመራም ሰማይ ነክቶ ተገኘ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና። ማህፀኗን፣ ሁለቱን ኦቫሪዎች፣ ቱቦዎቹን፣ እና ሞራዋን አወጡት። አዎ፣ ሞራ። ሐኪሙ «ኦሜንተም» ሲል ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ነው አንጀት ላይ እንደ ሻሽ የሚንጠለጠለው ስብ መሆኑን ያወቅኩት። ደረጃ 3ሲ ነው ተባለ። አሁን ፓክሊታክሰልና ካርቦፕላቲን የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች እየወሰደች ነው፣ ሦስት ዙር ጨርሳለች።

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ (ስህተት ነበር፣ አውቃለሁ)። «ለሴሉ ቅርጽ የሚሰጥ ፕሮቲን የኦቫሪ ካንሰርን እንዲሰራጭ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ፕሮቲኑ ኬራቲን 14 ይባላል። ከዚያ የፓቶሎጂ ሪፖርቷን አውጥቼ ሳየው «ሲኬ 7 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ 20 ኔጋቲቭ፣ ፓክስ 8 ፖዘቲቭ፣ ደብሊውቲ 1 ፖዘቲቭ» ይላል። ሲኬ ማለት ሳይቶኬራቲን ነው ሲሉ ልቤ ቀጥ አለ።

ጥያቄዎቼ፦ ይሄ ፖዘቲቭ የሆነው ያ የሚያሰራጨው ነው ወይ? ኬራቲን የፀጉርና የጥፍር ነገር አይደል እንዴ፣ ኦቫሪ ውስጥ ምን ይሠራል? ይሄን ፕሮቲን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ? አክስቴ ደግሞ ኬራቲን ያለበትን ሻምፑ በሙሉ ከቤት አስወጥታለች። ይሄንንም መልሱልኝ፣ እንዳትስቁ።

---

ስላይድ አንባቢ

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ የምውለው ፓቶሎጂ ክፍል ነው፣ እንዲህ ያለ ሪፖርት ነው ቀኑን ሙሉ የምናየው። ስለዚህ ከሲኬ 7 ልጀምርልሽ።

አይደለም። ያ አይደለም።

ኬራቲን የአንድ ፕሮቲን ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። የሰው ልጅ 54 የኬራቲን ጂኖች አሉት። ፀጉርና ጥፍር የሚሠሩት ጠንካሮቹ አንደኛው ወገን ናቸው። ሌላው ወገን ቆዳን፣ አንጀትን፣ ሳንባን፣ የማህፀን ቱቦን የሚሸፍኑት ሴሎች ውስጥ የተዘረጋው ነው። ሴል የውሃ ከረጢት አይደለም። ውስጡ እንደ ቤት ምሰሶና ወጋግራ አለው፣ ኬራቲን ከወጋግራዎቹ አንዱ ነው። ወደ 10 ናኖሜትር የሚወፍር ክር ነው፣ ሁለት ዓይነት ኬራቲን ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገመዱት። ስለዚህ ኦቫሪ አካባቢ መገኘቱ ምንም አይገርምም፣ አለመገኘቱ ነበር የሚገርመው።

በሪፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ መታወቂያ ካርድ ነው በይው። ከዕጢው በጣም ስስ አድርገን እንቆርጥና ስላይድ ላይ እናደርገዋለን፣ ከዚያ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ብቻ መርጦ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንጨምርበታለን። ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ሲኬ 7 ቡናማ ሆኖ ሲኬ 20 ባዶ ከቀረ፣ «ይሄ ዕጢ ምናልባት ከአንጀት የመጣ አይደለም» ማለት ነው። የአንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ፓክስ 8 እና ደብሊውቲ 1 ሲጨመሩ ደግሞ ከኦቫሪ ወይም ከቱቦ የተነሳ ሴረስ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያጠናክራሉ። (በነገራችን ላይ፣ «ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ» የሚባለው፣ እዚህ ጋ ደረጃ ማለት ሴሉ ማይክሮስኮፕ ሥር ምን ያህል ክፉ እንደሚመስል ነው እንጂ እንደ 3ሲ የት እንደደረሰ አይደለም፣ በብዛት የሚነሳው ከራሱ ከኦቫሪ ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ፣ ጣት ጣት ከሚመስለው ክፍል እንደሆነ ነው አሁን የሚታመነው። ስሙ ግን ኦቫሪ ሆኖ ቀረ።)

በአጭሩ እዚያ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ማለት «መጥፎ» ማለት አይደለም። «አለ» ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚደነግጠው እዚህች ቃል ላይ ነው፣ በአንቺ አልተጀመረም።

ሻምፑውን መልሱት። ሻምፑ ውስጥ ያለው የተሰባበረ ኬራቲን ከላይ ፀጉሩን ይለብሳል እንጂ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ ሴል ጋ ገብቶ ወጋግራ አይሆንም። ሴል ኬራቲኑን የሚሠራው ከራሱ ጂን ነው። ፀጉር ለማለስለስ የሚቀቡት አንዳንዱ ኬሚካል ፎርማልዲሃይድ ስለሚለቅ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፣ ግን የዚያ ጥፋት የኬራቲኑ አይደለም።

ስለ ኬራቲን 14 ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ካለ ቢያስረዳት ይሻላል። እኔ ከስላይድ አልፌ አላውቅም።

---

የሳህን ሰው

እሺ፣ እኔ ልቀበል። የኦቫሪ ካንሰር ሴል የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሳሳድግ ነው ጎልማሳ የሆንኩት፣ ስለዚህ ካስረዘምኩ ይቅርታ።

ኬራቲን 14ን ለመረዳት መጀመሪያ ይሄ ካንሰር እንዴት እንደሚሰራጭ ማየት አለብሽ። ሰው ካንሰር ተሰራጨ ሲባል በደም ሥር ተጉዞ ሳንባ ወይም አንጎል ላይ ሲያርፍ ነው የሚታየው። ኦቫሪ በአመዛኙ መንገዱ ሌላ ነው። ኦቫሪም ሆነ የቱቦው ጫፍ ሆድ ዕቃ ውስጥ ክፍት ቦታ ላይ ነው ያሉት። በር የለም፣ አጥር የለም። ሴሎቹ ከዕጢው ላይ ይረግፋሉ። ሆድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ስንተነፍስ፣ አንጀት ሲላወስ ይዞራል፣ ወደ ላይ እስከ ድያፍራም ይወጣል። የረገፉት ሴሎች ያንን ፈሳሽ ተሳፍረው ሆድ ዕቃውን ያካልሉታል። ምልክቱ ሳይታወቅ ቆይቶ አብዛኞቹ ሴቶች ከተሰራጨ በኋላ የሚታወቅባቸውም በከፊል ለዚህ ነው። በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 324 ሺህ ሴቶች ላይ ተገኝቷል፣ ወደ 207 ሺህ የሚጠጉ ሞተዋል።

ጤነኛ የሽፋን ሴል ከቦታው ከተላቀቀ ይሞታል። እንዲሞት ነው የተሠራው። እነዚህ ግን ተሰባስበው ኳስ ይሆናሉ፣ ስፌሮይድ ይባላል። ከታማሚ ሆድ ከተቀዳ ውሃ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጊ እንጆሪ የመሰሉ ድብልብል ነገሮች ሲንሳፈፉ ታያለሽ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ያምራሉ ብዬ አፈርኩ።

ኳሱ አንድ ቦታ አረፈ እንበል። ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የሆድ ዕቃ ውስጠኛ ሽፋን ሜሶቴሊየም የሚባል የአንድ ሴል ውፍረት ያለው ንጣፍ አለው። አንጀት ከአንጀት ሳይጣበቅ እንዲንሸራተት የተሠራ ነው። ካንሰሩ ከሥሩ ሥር መስደድ ከፈለገ ይሄን ንጣፍ መግለጥ አለበት። በ2011 የወጣ ጥናት ይሄን በፊልም ነው ያሳየው። ንጣፉ አንድ ቀለም፣ ኳሱ ሌላ ቀለም እንዲያበሩ ተደርጎ በየደቂቃው ይነሳል። ኳሱ ያርፋል፣ ይዘረጋል፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ወደ ዳር ወደ ዳር ይገፋና ጥቁር ቀዳዳ ይከፈታል። እኔም ካሜራውን ማታ ለኩሼ ወደ ቤት እሄድ ነበር፣ ጠዋት ስመጣ ሳህኑ በቀዳዳ ተሞልቶ ይጠብቀኛል።

ንጣፉ በኬሚካል ሟሙቶ ሳይሆን በጉልበት ነው የሚገፋው። ሴሉ ኢንተግሪን በሚባል እጁ ንጣፉ ላይ ያለውን ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን ይጨብጣል። እጁ ታሊን በሚባል አያያዥ በኩል ከውስጥ የአክቲን ገመድ ጋር ታስሯል። ገመዱን የሚጎትተው ማዮሲን ነው፣ ጡንቻችን ውስጥ ያለው የማዮሲን ዘመድ። ከነዚህ አንዱን፣ ኢንተግሪን አልፋ 5ን ወይም ታሊንን ወይም ማዮሲንን ስትቀንሺበት ኳሱ ያርፋል ግን መግለጡ ላይ ይለግማል።

ኬራቲን 14 የሚገባው እዚህ ነው። በኳሱ ውስጥ ሁሉም ሴል እኩል አይደለም። በ2019 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ኳሱና ንጣፉ የሚገናኙበትን ድንበር ፈትሾ ጥቂት ሴሎች ከፊት ሆነው እንደሚመሩ አሳየ። መሪ ሴሎች ይሏቸዋል፣ እኔ ፊታውራሪ ነው የምላቸው። የሚለዩትም ኬራቲን 14 በመያዛቸው ነው። ፕሮቲኑን ሲያጠፉባቸው ሴሎቹ ንጣፉን ሰብሮ የመግባት አቅማቸውን አጡ። በጣም የሚገርመው ግን ሌላው ነው፤ አልሞቱም፣ መባዛታቸውም አልቀነሰም። ማለት ፕሮቲኑ የሚጠቅመው ለማደግ ሳይሆን ለመውረር ነው። የጡት ካንሰርም ላይ በ2013 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ እዚያም ከፊት የሚቀድሙት ኬራቲን 14 የያዙ ሴሎች ናቸው።

ለምን 14? ከቆዳ እንነሳ። የኬራቲን 14 ዋና ቤቱ የቆዳችን የታችኛው ንብርብር ነው፣ ከኬራቲን 5 ጋር ተጋምዶ። ጂኑ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ከ1991 ጀምሮ ይታወቃል፤ ቆዳ ትንሽ ሲታሽ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ስለዚህ ሥራው ሴሉ ሲጎተትና ሲገፋ እንዳይቀደድ መያዝ ነው። ፊታውራሪ ሴል ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎተተውና የሚገፋው እሱ ነው። ይሄ ማብራሪያ ግን የኔ ግምት ነው፣ እንደ ተረጋገጠ ነገር አትውሰጂው።

መድኃኒትስ ላልሽው፦ ኬራቲን 14ን የሚያጠፋ፣ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ከላይ ስለ ቆዳ ያልኩትን ካሰብሽው መሥራቱ ለምን ከባድ እንደሆነ ይገባሻል። መላ ሰውነት ውስጥ ብታጠፊው ቆዳውስ?

---

የማሚ ልጅ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሲኬ 7 መታወቂያ ነው ሲባል እውነት ለመናገር አለቀስኩ።

የሳህን ሰው፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ውሃው ሆዱን ሙሉ የሚዞር ከሆነ ለምን በተለይ ሞራዋ ላይ? ሐኪሙ ሞራዋ «እንደ ኬክ ደርቆ» ነበር ያለን። እማዬ እስካሁን «ሞራዬን ምን አደረገባችሁ?» እያለች ትጠይቀኛለች፣ የምመልሰው የለኝም።

---

የሳህን ሰው

ሞራ ስብ ነው። ስብ ደግሞ ለዚህ ካንሰር ጎተራ ነው። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት የሞራ የስብ ሴሎች መጀመሪያ በሚለቁት ኬሚካል ካንሰሩን እንደሚጠሩ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ ስባቸውን አራግፈው እንደሚሰጡት አሳይቷል። ሳህን ላይ የስብ ሴልና የካንሰር ሴል ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ከቀናት በኋላ የስቡ ጠብታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር በዓይንሽ ነው የምታይው። በዚያ ላይ ሞራ ላይ የወተት ነጠብጣብ የሚመስሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች መከማቻዎች አሉ፣ እዚያ ሽፋኑ ሳሳ ይላል፣ የሚንሳፈፍ ነገርም ይጠመድበታል። ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሞች ሞራውን የሚያወጡት። ለእናትሽ «ከሁሉ በፊት የሚወረረው እሱ ስለሆነ ነው» በያቸው። ያለ ሞራ መኖር ይቻላል።

---

ኬሞ ክፍል

እኔ ነርስ ነኝ፣ ካንሰር ክፍል። ላብራቶሪ ውስጥ የሚባለው ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ማንም አላነሳም።

የሴል ወጋግራን የሚመታ መድኃኒት አለ ወይ ትያለሽ? እናትሽ እኮ እየወሰዱት ነው! ፓክሊታክሰል። ሴል ውስጥ ሌላ የክር ዓይነት አለ፣ ማይክሮቱቡል፣ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የሚሠራ። ቀጭን ቱቦ ነው፣ ሲፈለግ የሚገጠም ሲፈለግ የሚፈታ። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ግራና ቀኝ የሚጎትትበት ነው። ፓክሊታክሰል ይሄን ቱቦ ግትር ያደርገዋል፣ እንዳይፈታ ይቆልፈዋል። ሴሉ መከፈል ጀምሮ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይሞታል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ የጽድ ዘመድ ዛፍ ቅርፊት ነው፣ እንዴት እንደሚሠራ በ1979 ታወቀ፣ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ለኦቫሪ ካንሰር ተፈቀደ። እና ይሄን ያህል ዓመት የሴሉን አጽም ስንመታ ነው የኖርነው፣ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ልጠይቅሽ። እናትሽ የጣታቸው ጫፍ ደነዘዘብኝ፣ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፣ መሬቱ ስረግጠው ጥጥ ጥጥ ይለኛል አላሉሽም? ነርቭ ረጅም ነው፣ ከወገብ እስከ እግር ጣት ድረስ ዕቃ የሚያመላልሰው በእነዚሁ ቱቦዎች ላይ ነው። መድኃኒቱ የካንሰሩን ለይቶ አይመታም። ካሉሽ ቀጣዩ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ብዙ እናቶች «ያቋርጡብኛል» ብለው ይደብቃሉ። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ ሲዘገይ ግን ድንዛዜው ላይለቅ ይችላል። ይሄን ነው እኔ ከኬራቲን 14 አስቀድሜ የምነግርሽ።

---

ጥርጥር

ላብራቶሪ ላይ ሠራ የተባለ ነገር ሁሉ ሰው ላይ ሲደርስ የት እንደሚገባ አይታወቅም። የሳህን ሰው ኢንተግሪን አልፋ 5 ብሎ ሲያወራ አስታወሰኝ፤ ያንን የሚዘጋ ቮሎሲክሲማብ የሚባል መድኃኒት ተሠርቶ፣ ፕላቲነም (የካርቦፕላቲን ወገን የሆነው ኬሞ) እምቢ ባለው የኦቫሪ ካንሰር ለታመሙ ሴቶች ተሰጥቶ ነበር። ለብቻው ሲሰጥ ዕጢው የቀነሰላት አንዲት ሴት አልተገኘችም። ውጤቱ በ2011 ወጣ፣ ያ ቆንጆ የቀዳዳ ፊልም በወጣበት በዚያው ዓመት። እና ይሄ ኬራቲን 14 ከዚህ በምን ይለያል?

ደግሞ የኦቫሪ ካንሰር በደም አይሄድም የሚለውም ነገር ተጋኗል።

---

የሳህን ሰው

ጥርጥር፣ የቮሎሲክሲማቡ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መድኃኒቱ የተሰጠው ካንሰሩ አርፎ ሥር ሰዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የማረፊያውን እጅ ቀድሞ ካረፈ በኋላ ብትቆርጠው ምን ያደርግልሃል? መሰራጨትን የሚከለክል መድኃኒት የሚፈተንበት ጊዜ ራሱ ፈተና ነው። ኬራቲን 14ም አንድ ቀን መድኃኒት ቢገኝለት እዚያው ጥያቄ ላይ ነው የሚወድቀው፣ መቼ ነው የምትሰጠው?

የደሙን በተመለከተ «በአመዛኙ» ነው ያልኩት። አንተም እኔም ልክ ነን። ድሮ ሆዳቸው በካንሰር ውሃ ለሚሞላ ሰዎች ውሃውን ከሆድ ወደ ደም ሥር የሚመልስ ቱቦ ይገጠም ነበር። አስበው፣ ሕያው የካንሰር ሴል ቀን ከሌት በቀጥታ ደም ውስጥ ሲፈስ። በ1984 የታተመ ጥናት ላይ ከሞት በኋላ ሲመረመሩ ከፊሎቹ ላይ ሌላ ቦታ ያደገ ዕጢ አልተገኘም፣ የተገኘባቸውም ላይ ትናንሽ ነበር። ዘሩ አለ፣ አፈሩ እምቢ አለ። በሌላ በኩል በ2014 የደም ዝውውራቸው በተያያዘ አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት ካንሰሩ በደም ተጉዞ ሌላኛዋ አይጥ ሞራ ላይ አረፈ። በደም ሄዶም የሚመርጠው ሞራን ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

---

ኬሞ ክፍል

ጥርጥር ልጅቷን ተስፋ አታስቆርጣት። ከዚሁ ሰፈር የተሳካም አለ። ኢንተግሪን ከጨበጠ በኋላ ወደ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ፋክ የሚባል ኢንዛይም አለ። እሱን የሚዘጋው ዴፋክቲኒብ ከአቩቶሜቲኒብ ጋር ተጣምሮ በግንቦት 2025 (በፈረንጅ) አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ግን «ዝቅተኛ ደረጃ ሴረስ» ለሚባለው፣ ተመልሶ ለመጣ፣ ኬራስ ጂኑ ለተለወጠ ነው። የማሚ ልጅ፣ የናንተ ሪፖርት የትኛው ነው የሚለው? ከፍተኛ ከሆነ ይሄ እናንተን አይመለከትም። ሰው ስሙን ብቻ ሰምቶ ሲሯሯጥ ስለማይ ነው።

---

የማሚ ልጅ

«ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ» ነው የሚለው። እሺ፣ ገባኝ።

ስለ ጣቷ ያልሽው ልክ ነው። ሻይ ስኒ ሁለቴ ጥላለች። እጄ ላብ ስላለው ነው ትላለች። አሁን ጠየቅኳት፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ነው አለችኝ። ሁለተኛው ዙር! ተናደድኩባትም አዘንኩም።

---

ሰባተኛ ዓመቴ

የኔ ልጅ፣ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ። ደረጃ 3ሲ፣ ያው እንደ እናትሽ። ሞራም የለኝም። ሰባት ዓመት ሆነኝ።

እነዚህ ልጆች የጻፉትን ሁሉ አነበብኩት፣ ግማሹ አልገባኝም፣ ደስ ግን ብሎኛል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደ አንቺ ሌሊት ሌሊት ስለ ፕሮቲን አነብ ነበር። ምን ጠቀመኝ ብትይኝ ሐኪሜን በደንብ እንድጠይቅ አደረገኝ። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው፣ እሱን ልንገርሽ። የእናትሽ ብራካ ተመርምሯል? ብራካ 1 እና ብራካ 2። የተበላሸ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖች ናቸው። የእነሱ መለወጥ ካለ ኬሞው አልቆ በሽታው ሲያፈገፍግ ኦላፓሪብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣል። ብራካቸው የተለወጠ ሴቶች ላይ በተደረገው ትልቁ ጥናት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት መቶ ሴቶች 67ቱ በሕይወት ነበሩ፣ ካልወሰዱት 46 ወይም 47። የኔ ብራካ 1 ነው። ከወሰዱት አንዷ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ዋጥኩት፣ ማቅለሽለሽ ነበረው፣ ደም ማነስ ነበረው፣ አለሁ።

ሌላው፣ ብራካ ከተገኘ ጉዳዩ የእናትሽ ብቻ አይደለም። አንቺንም እህቶችሽንም አክስትሽንም ይመለከታል። ወንድምም ካለሽ እሱንም። እኔ ለልጆቼ መንገር አፍሬ አንድ ዓመት ቆየሁ። ምን እንደሚያሳፍር አሁን ሳስበው አይገባኝም።

ስለ ጣቷ ደግሞ ነርሷ ያለችሽን ስሚ። የኔ የእግሬ ጣቶች እስካሁን ደንዝዘዋል። ዝም ብዬ ስለቆየሁ ነው።

---

ስላይድ አንባቢ

እትዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።

የማሚ ልጅ፣ በዚሁ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር። በቀዶ ሕክምናው የወጣው ናሙና በሰም ተጠብቆ ይቀመጣል፣ አይጣልም። ብራካም ሆነ ኤችአርዲ የሚባለው (ዕጢው የተበላሸ ዲኤንኤ መጠገን እንደተሳነው የሚያሳየው) ምርመራ ከዚያው ሊሠራ ይችላል፣ እናትሽ እንደገና አይወጉም። በዘር የሚተላለፍ መሆኑን ለመለየት ግን ደም ወይም ምራቅ ይፈለጋል። «ናሙናው ላይ ነው ወይስ ደም ላይ?» ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፣ ሁለቱ የተለያየ መልስ ነው የሚሰጡት። ኬራቲን 14 ይቀባልኝ ብለሽ ግን አትጠይቂ። ቢቀባም ውጤቱ ሕክምናቸውን የሚቀይረው ነገር የለም።

---

የማሚ ልጅ

ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ የጣት ድንዛዜ፣ ብራካ፣ ኤችአርዲ፣ ናሙና ወይስ ደም። ኬራቲን 14ን ጽፌ ሰረዝኩት።

እትዬ፣ የጻፉትን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ሰባት ዓመት» የሚለውን ሁለቴ አስነበበችኝ። የሞራውንም ነገር ነገርኳት፣ ስብ ስለሚወድ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው ብዬ። ትንሽ ዝም አለችና «እና አሁን ሲመጣ ቤቱን ያጣዋላ» አለችኝ።

ሻምፑው ተመልሷል። አሁን የሚታጠብበት ፀጉር ባይኖርም።